ሦስት እንጨትና ትንሽ

ትርንጎ አንዲት ዶሮና ስድስት ጫጩቶች አሏት። አምስቱ ወፈር ወፈር ያሉ ናቸው። ስድስተኛዋ ግን አውራ ጣት ብታክል ነው። ስሟ ሚጢ ነው።

«ጪው! ጪው!» ትላለች ሚጢ። ድምፅዋ ከእሷ ይበልጣል!

የጎረቤት ድመት ደግሞ ሚጢ ላይ ዓይኑን ጥሏል። አጥሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከንፈሩን ይልሳል። አይ ይሄ ድመት!

«አባዬ፣ ዛሬ የዶሮ ቤት ሥራልኝ» አለች ትርንጎ። «ድመቱ ሚጢን ሊበላብኝ ነው።»

የትርንጎ አባት እንጅባራ ውስጥ ቀርከሃ ሠሪ ነው። ወንበር ይሠራል። ቅርጫት ይሠራል። ስሙ ቸኮል ይሁን እንጂ ሥራ ላይ ቸኩሎ አያውቅም።

«እሺ የኔ እመቤት» አላት። መጀመሪያ ጣሪያውን ሠራ። ጣሪያው እንደ ሰፌድ ክብ ነው።

ከዚያ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር፣ በመሀሉ በኩል ለካው። በልኩም አንድ እንጨት ቆረጠ። «ይቺን ያዢ። መለኪያችን እሷ ናት።»

«አሁን ዙሪያውን ግድግዳ እሠራለሁ። በእሷ ልክ ስንት እንጨት ይበቃል? ንገሪኝ እስቲ።»

ትርንጎ አሰበች፣ አሰበች። ወንዝ ስትሄድ አንድ መንገድ ነው። ስትመለስ አንድ መንገድ ነው።

«ሁለት!» አለች። «መሄጃው አንድ፣ መመለሻው አንድ!»

አባቷ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እሺ፣ ሁለት።»

ሸክ! ሸክ! ሸክ! የቀርከሃው ስንጥር ከላይ፣ ስንጥሩ ከታች። አንድ እንጨት! ሸክ! ሸክ! ሸክ! ሁለት እንጨት!

ግድግዳውን በጣሪያው ዙሪያ አጠፍ አድርገው አዞሩት። ወይ ጉድ! ትርንጎ ራሷ የምታልፍበት ክፍተት ቀረ።

«አየሽ» አለ አባቷ፣ «ግድግዳው በመሀል አቋርጦ አይሄድም። ይዞራል። ስለዚህ ይረዝማል።»

«እንግዲያው ሦስት!» አለች ትርንጎ።

ሸክ! ሸክ! ሸክ! ሦስት እንጨት! ግድግዳውን አጠፉት። ሊገጥም… ሊገጥም… አልገጠመም! የትርንጎን መዳፍ የምታህል ክፍተት ቀረች።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለ አባቷ።

ወዲያው ከበር ላይ ጎረቤታቸው ተጣራ። «ቸኮል! እስቲ ይህን ቀርከሃ አሸክመኝ!»

«መጣሁ!» አለ አባቷ። «ትርንጎ፣ እስክመለስ ምንም አትንኪ፤ እሺ?»

«እሺ» አለች። ግን መጠበቅ አልሆነላትም። ድመቱ እኮ አጥሩ ላይ ነው!

«ትንሽ ናት» አለች ለራሷ። «ትንሽ ምን ታደርጋለች?»

የግድግዳውን ጫፍና ጫፍ በገመድ አያያዘች። ዶሮዋን አስገባች። ጫጩቶቹን አስገባች። ጣሪያውንም ከደነች።

«ጪው! ጪው!» ሚጢ በትንሿ ክፍተት ሾልካ ወጣች።

ዱብ! ድመቱ ከአጥሩ ወረደ።

ሚጢ ሮጠች። ድመቱ ሮጠ። ትርንጎም ሮጠች!

«ሂድ! ሂድ ከዚህ!» ጭቃው ላይ ተንሸራትታ ሚጢን በሁለት እጇ አፈሰቻት። ድመቱ ደንግጦ በአጥሩ ላይ ዘለለ።

ድው ድው ድው ይላል የሚጢ ልብ። ድው ድው ድው ይላል የትርንጎም ልብ።

አባቷ ሲመለስ ትርንጎ ጭቃ በጭቃ ሆና ታለቅሳለች። «አባዬ፣ አልጠበቅሁህም። ድመቱ ሚጢን ሊበላብኝ ነበር… በኔ ጥፋት።»

አባቷ እንባዋን በእጁ ጠረገላት። «እሰይ እውነቱን ነገርሽኝ» አላት። «እኔም ልጅ ሆኜ እዚህችው ትንሿ ላይ ተሳስቻለሁ። ነይ፣ አብረን እንጨርሳት።»

ሸክ! ሸክ! ትርንጎ ስንጥሩን አቀበለች፣ አባቷ ሠራ። ሦስት እንጨትና ትንሽ!

ግድግዳውን አጠፉት። ሊገጥም… ሊገጥም… ቀጭ! ገጠመ!

«አባዬ፣ ቤቱ ትልቅ ቢሆንስ?»

«መለኪያዋም አብራ ትተልቃለች። ያው ሦስትና ትንሽ ነው።»

«ለሚጢ ብቻ፣ ትንሽዬ ቤት ብንሠራስ?»

«ያው ሦስትና ትንሽ!»

ትርንጎ አላመነችም። ክር አመጣችና ሰሃኑን በመሀሉ ለካች። ከዚያ ክሩን በዙሪያው አዞረች። ሦስትና ትንሽ!

ባልዲውን ለካች። ሦስትና ትንሽ! የቆርቆሮ ጣሳውን ለካች። ሦስትና ትንሽ!

«ሁሉም ክብ እንዲህ ነው?» አለች ዓይኗን አፍጥጣ።

«ሁሉም ክብ» አለ አባቷ። «ትምህርት ቤት ስትገቢ ይህን ሦስትና ትንሽ ፓይ ብለው ይነግሩሻል። እኔም ተምሬያለሁ። ትንሿን በቁጥር ጻፏት፣ ጻፏት… እስከ ዛሬ አላለቀችም።»

«ያቺ ትንሽ?» ትርንጎ በሳቅ ፈረሰች።

መሸ። ዶሮዋ ክንፏን ዘረጋች፤ ስድስቱም ጫጩቶች ከሥሯ ገቡ። ድመቱ ክብ ቤቱን ዞረው፣ ዞረው። መግቢያ አጣ። አዛግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ትርንጎ እግሯን ታጥባ አልጋዋ ላይ ወጣች። አባቷ ብርድ ልብስ ሊያለብሳት ጎንበስ አለ።

ትርንጎ ወገቡን እቅፍ አደረገችው። እጆቿ ከጀርባው ሊገናኙ… ሊገናኙ… አልተገናኙም።

«አባዬ፣ ትንሽ ቀረኝ» አለች በእንቅልፍ ድምፅ።

«የቀረችዋን እኔ እሞላታለሁ» አለ አባቷ። በረጃጅም እጆቹ ጥቅልል አድርጎ አቀፋት፤ እንቅልፍ እስኪወስዳትም አልለቀቃትም።