ከኋላ የሚቆመው ሰው

በካምፓችን ቴሌቪዥን አይሠራም። ተራራው ይጋርደዋል። እኛ የምናየው ሌላ ነገር ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ተጎታች ቤቱን ወደኋላ እየነዳ ቦታው ላይ ሲያስገባ። ማምሻውን አንድ ፒክአፕ ረጅም ነጭ ቤት አስከትሎ በበሩ ብቅ ሲል፣ ጡረተኛው ሁሉ ምክንያት ፈልጎ ታጣፊ ወንበሩን ወደ መንገዱ ያዞራል። ባል ይነዳል፤ ሚስት ከኋላ ቆማ እጇን ታወናጭፋለች። «ግራ» ትለዋለች። የማን ግራ እንደሆነ አትነግረውም። ስንትና ስንት ትዳር ዓይናችን እያየ ሲናጋ ተመልክተናል፤ ወንበሩን አጥፎ የገባ ሰው ግን የለም።

ግሌንዳ ፕሩዊት የመጣች ቀንም ተቀምጠን ነበር። ሰኔ ነው፤ ሞንታና ውስጥ በሰኔ ከዛፎቹ ጥላ ሥር በረዶው ገና አልለቀቀም። እኔና ባለቤቴ ኢርማ፣ እንደ ሌሎቹ የፓርኩ በጎ ፈቃደኞች፣ የምንኖረው በመኪና ቤታችን ውስጥ ነው። ፓርኩ ቦታ፣ ውሃና መብራት ይሰጠናል፤ እኛ አመድ እንጠርጋለን፣ ሽንት ቤት እናጥባለን፣ እንግዳውን ስለ ድብ እናስፈራራለን። በረዶ ጥሎ በሩ ሲዘጋ ሁላችንም ወደ ደቡብ እንበተናለን።

ግሌንዳም እንደኛ ለበጎ ፈቃድ ሥራ ነው የመጣችው፤ ግን ብቻዋን ነበረች። ራሷ ትነዳለች፤ ከኋላ የሚያሳያት ሰው የለም። እንዲህ ያለ ነገር አይተን ስለማናውቅ ወንበሮቻችንን አስጠጋን።

ይኼኔ ዌንዴል ተነሣ።

ዌንዴል ሃውገን ኔብራስካ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የዕቃ ባቡር ሲፈትሽ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ሎይስ ከሞተች በኋላ አውቶቡስ በሚያክል የመኪና ቤቱ ብቻውን ይዞራል። መኪናውን ሁለት ጊዜ ሳይዞር አንድ ክንድ አያንቀሳቅስም። ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ የመብራቱን ገመድ ይነካል፣ የውሃ ጎማውን ይነካል፣ የጎኑን ሸራ ይጠቀልላል፣ ከዚያ ሁሉንም እንደ አዲስ ይጀምራል። መኪናውን ሳይዞር የሚነሣ ሰው አንድ ቀን የሆነ ነገር እየጎተተ ይሄዳል እያለ ያላስተማረው ሰው የለም። ያልተማረም የለም፤ ማምለጫ ስለሌለው።

ሄዶ ከተጎታችዋ ኋላ ቆመና ሁለት እጁን ባቡር እንደሚያስቆም ሰው ዘረጋ። ግሌንዳ ፍሬን ይዛ መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«እያሳየሁዎት ነው።»

«እኔ ማየት የምፈልገው ያቺን ዛፍ ነው። እርስዎ ደግሞ ስፖኪዮዬን ሞልተውታል። ከዚያ ውስጥ ይውጡልኝ።»

ኢርማ ሳቋን በስኒ ሸፈነች። ዌንዴል እጆቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበና ወጣ። ግሌንዳ መሪዋን አንዴ ሰበረች፣ አንዴ መለሰች፣ ቤቷ ቦታው ላይ ገባ። ማንም አላጨበጨበም። ዌንዴል ግን ጎማዎቹ ጋ ሄዶ አጎንብሶ አየና «ቀጥ ብሏል» አለ። ያን ቃል ለኔ ብሎኝ አያውቅም።

የፓርኩ ኃላፊ ሁለቱን ለጠዋት ዙር አንድ ላይ መደባቸው። በትንሿ የኤሌክትሪክ ጋሪ እየዞሩ አመድ ይጠርጋሉ፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ምግብ ካለ ያነሣሉ። ግሌንዳ ትነዳለች፤ ዌንዴል ያስተምራል። የድብ ማባረሪያ ጡሩንባ በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ድብ ሲመጣ ሰው መረጋጋት እንዳለበት በየቀኑ ይነግራታል።

አንድ ጠዋት ድቡ መጣ። እንግዶች ሙሉ የቤሪ ኬክ ጠረጴዛ ላይ ትተው ተኝተው ነበር። የሆነውን ሁለቱም ለየብቻ ነግረውናል። ታሪኩ አንድ ነው፤ የሚለያዩት ማን የማንን እጅ እንደያዘ ላይ ብቻ ነው። ግሌንዳ ኦክላሆማ ውስጥ ጸጉር አስተካካይ ነበረች። አልቀመጥ ያለ ልጅ በምትቆጣበት ድምፅ፣ አካፋውን ከጋሪው ብረት ጋር እያንኳኳች፣ «ያንን ማን ፈቅዶልህ ነው የነካኸው? ተው ብዬሃለሁ» አለችው። ድቡ ትንሽ ያፈረ ይመስል ነበር አሉ። ኬኩን ከነሳህኑ ይዞ ሄደ።

«ጡሩንባውን ለምን አልነፋህም?» ብዬ ዌንዴልን ጠየቅሁት።

«እጄ ተይዞ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እርስዎ መባባል ቀረ። ሳቃቸው ከጋሪዋ በፊት ይደርስልን ጀመር። ዌንዴል ማታ ማታ ወንበሩን ይዞ ወደሷ ሸራ ሥር መሻገር አመጣ፤ መጀመሪያ የጎማዋን አየር ለማየት፣ ከዚያ የውሃዋን ጎማ ለማየት። በመጨረሻ የሚታይ ነገር አለቀ፤ እሱ ግን መምጣቱን አልተወም።

ሐምሌ ላይ ጸጉሩን ቆረጠችው። የሁላችንንም ቆርጣለች፤ የኛን ስትቆርጥ ግን ታወራለች። የሱን ስትቆርጥ ዝም አለች። ዌንዴል ፎጣ ተጠምጥሞለት፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ከጆሮው በላይ ያለውን ጸጉር በጣቷ ስታነሣ ትንፋሹን ያዘ። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አይቻለሁ።

«ማን ነበር የሚቆርጥልህ?»

«ሎይስ።»

መቀሷ ቆመ። «ከዚያ በኋላስ?»

«ራሴ ነኝ። በስፖኪዮ እያየሁ።»

«ያስታውቃል» አለችና ግንባሩ ላይ የወደቀውን ጸጉር እፍ አለችለት።  ነፋሱ ሽበቱን ከካምፑ ሥር ወዳለው ሐይቅ ይዞ ሄደ። መቁረጡ ካለቀ ቆይቷል፤ ፎጣውን ግን አላነሣችውም።

መስከረም ገብቶ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ካምፑ ሁሉ የሚያወራው ስለ መንገድ ነው። ማን ወደ ቴክሳስ፣ ማን ወደ አሪዞና። እኛ ግን በሹክሹክታ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ወይስ ይለያያሉ? በዚህ ዕድሜ የሚቀጥለው ዓመት እንደሚደርስልህ ማንም ፈርሞ አይሰጥህም።

ዌንዴል የነገራት ቀን እንጨት እየደረደርኩ ነበር። እንጨት መደርደር ጆሮ አይይዝም።

«አሪዞና ውስጥ ሁለት ሰው የሚፈልግ ፓርክ አለ» አላት። «ተጎታችሽን ከተማ ውስጥ የሚጠብቅልሽ ሰው አውቃለሁ። ከኔ ጎን ያለው ወንበር ሰፊ ነው፤ ወደኋላም ይዘረጋል። ከሎይስ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።»

ባል የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ይህ ለዌንዴል ጉልበቱ ላይ እንደመንበርከክ ነው። ግሌንዳ ግን ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች።

«እዚያ ወንበር ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀምጫለሁ፣ ዌንዴል። ባሌ ሮይ ይነዳል፤ እኔ ካርታውን እይዛለሁ። የት መሄድ እንደምፈልግ ግን አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ይቺ ተጎታች እሱ ከሞተ በኋላ ራሴ የመረጥኳት የመጀመሪያ ነገር ናት።»

«እኔ ሮይ አይደለሁም።»

«አይደለህም። ወንበሩ ግን ያው ወንበር ነው።»

«ገባኝ» አለ ዌንዴል። ገባኝ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አልገባውም። እሱ የሰማው «አልፈልግህም» የሚለውን ነው፤ እሷ ያላለችውን። እሷ ደግሞ አንዴ እንኳ መልሶ እንዲጠይቃት ስትጠብቅ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ሲሄድ አየች። ከዚያ ወዲያ በጋሪዋ ላይ ሲሄዱ አመድ ባልዲው በመካከላቸው ተቀመጠ። የሚባባሉትን በኢርማ በኩል ይባባሉ ጀመር። «ለግሌንዳ የኋላ ጎማዋ አየር እንደቀነሰ ንገሪልኝ።» «አውቃለሁ በይው።» ኢርማ መልእክት ማመላለስ ሰልችቷት አንድ ማታ በማይረባ ነገር እኔን ተቆጣች።

መጀመሪያ የሚነሣው ዌንዴል ነበር። ጠዋቱ ብሩህ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ያብለጨልጫል። ሁላችንንም እየዞረ ጨበጠን። ግሌንዳ በነጠላ ጫማ፣ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሯ ላይ ቆማለች።

«መንገድ ላይ ጎማሽን እዪ» አላት።

«አያለሁ። ደህና ሁን፣ ዌንዴል።»

  ሄደና አውቶቡሱ ላይ ወጣ፤ ሞተሩ ተነሣ።

ኢርማ ክንዴን ጨመደደችው። «አልዞረም» አለችኝ።

እውነትም አልዞረም። ሁለቴ ቀርቶ አንዴም። ገመዱ እንደተሰካ ነው፤ የውሃው ጎማ ከቧንቧው እንደተያያዘ ነው፤ የጎኑ ሸራ እንደተዘረጋ ነው። ከወንበራችን ሳንነሣ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ገመዱ ተወጥሮ ተነቀለ። የውሃው ጎማ ተበጥሶ እንደ እባብ ተወራጨ፤ ውሃው ከጥዶቹ ራስ በላይ ተተኮሰ። ሸራው አንዱን ጥድ አቅፎ እንደ ተሰበረ ክንፍ ታጠፈ። አውቶቡሱ መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

ቀድማ የሮጠችው ግሌንዳ ናት። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ገብታ ቧንቧውን ጠርቅማ ዘጋችና፣ ከራሷ እስከ እግሯ እየተንጠባጠበች ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች። ዌንዴል መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው።

«አልዞርክም» አለችው።

«አልዞርኩም።»

«አንተ እኮ ነዳጅ ልትቀዳ ቆመህም ትዞራለህ።»

«አንቺን እያየሁ ነበር» አለ። «በስፖኪዮው።»

ግሌንዳ ፊቷን በእርጥብ እጅጌዋ ጠረገች። የጠረገችው የቧንቧውን ውሃ ብቻ ይሁን ሌላም፣ አላውቅም።

«መንገድ ዘግተሃል» አለችው ቀስ ብላ። «ውረድ። እኔ እመልሰዋለሁ።»

ያንን መሪ ከዌንዴል ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም፤ ሎይስም ብትሆን። ወረደ። እሷ ወጥታ ወንበሩን ወደፊት ሳበች፣ ስፖኪዮውን ለራሷ ቁመት አስተካከለች። እሱ ወደኋላ ሄዶ እጆቹን አንጠልጥሎ ዳር ላይ ቆመ።

«ምን ቆመሃል? አሳየኝ እንጂ» አለች።

«ከስፖኪዮሽ ውጣ ብለሽኝ ነበር።»

«እሱ ሰኔ ላይ ነው።»

ዌንዴል መካከል ገባና እጁን አነሣ። «ነይ… ነይ… ስበሪው… አሁን መልሺ።»  እኛ እንደ ደንባችን ወንበራችንን አዙረናል፤ በዚህ ጊዜ ግን የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አውቶቡሱ ግማሽ ሲደርስ የዌንዴል እጅ ወረደ። ግሌንዳ አቆመች። እሱ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ መስኮቷ ሥር መጣ።

«ግሌንዳ፣ አንቺ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

 ኢርማ ትንፋሿን እንደያዘች ክንዴን አልለቀቀችም።

«ባሕር» አለች ግሌንዳ በመጨረሻ። «ወይም እነዚያን ቀያይ አለቶች። አላውቅም። ተጠይቄ ስለማላውቅ አላሰብኩበትም።»

«እንግዲያው አስቢበት። በራስሽ ተጎታች፣ በራስሽ መሪ። እኔ ከኋላ እከተልሻለሁ። ቀርፋፋ ነኝ፤ ግን አልጠፋም። ቦታ ላይ ስንደርስም ከኋላሽ የሚቆም ሰው ከፈለግሽ…»

አልጨረሰውም። ግሌንዳ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተጎንብሳ፣ ራሷ የቆረጠችውን ጸጉር በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው። ኢርማ አለቀሰች፤ ስጠይቃት ከቧንቧው የተረጨ ውሃ ነው አለችኝ። ከቧንቧው በጣም ርቀን ነበር።

የተሰበረውን ሸራ በገመድ ጠፍረንላቸው፣ በማግስቱ ጠዋት ተነሡ። ከመነሣታቸው በፊት መኪኖቹን ሁለቱም አንድ ላይ ዞሩ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለነበር ጊዜ ወሰደ። ከፊት ትንሿ ተጎታች፣ ከኋላ እንደ ቁስለኛ የተጠቀለለው አውቶቡስ።

ከእንጨት መደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ለሚያይ ሰው፣ ታች ሸለቆው ውስጥ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ይታያል። ቀኙ ወደ ባሕር ነው፤ ግራው ወደ ቀያዮቹ አለቶች። እኔና ኢርማ ቆመን እናያለን። ግሌንዳ መገንጠያው ላይ ቆማ የቀኝ ፍሬቻ አበራች። አውቶቡሱም የቀኝ አበራ። ትንሽ ቆየችና አጥፍታ የግራ አበራች። አውቶቡሱም የግራ አበራ።

«አንተ ግን» አለችኝ ኢርማ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«ተንቀሳቀሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ እዪያቸው» አልኳት።

ግሌንዳ ሐሳቧን ለመጨረሻ ጊዜ ቀይራ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ከትናንት በቀር በሕይወቱ ሙሉ አንድ ገመድ ሳይነካ ተነሥቶ የማያውቀው ዌንዴል፣ የግራ ፍሬቻው እንደበራ፣ ተከትሏት ወደ ቀኝ ሄደ።