ስም የፈጠርንላቸው ስድስት ተሳፋሪዎች

ይህ የሆነ ነገር ነው። የማታምኑ እዚሁ አቁሙ፤ ልለማመጣችሁ አልጻፍኩም።

ባለፈው ነሐሴ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ አንድ ቪላ ውስጥ።

ዳርቱ እባላለሁ። ቪላው የሐመልማል ቢሮ ነበር። ሐመልማል አንዲት ትንሽ ጄት አላት፤ ለሀብታሞች ታከራያለች። እኔ የበረራ ወረቀቶቿን አዘጋጃለሁ። አልወዳትም ነበር። እሷም ማንንም አትወድም።

ሥራው ራሱ ሰው ያከፋል።

ሀብታም አውሮፕላኑን ዛሬውኑ ማስያዝ ይፈልጋል፤ አብረውት የሚሄዱትን ሰዎች ስም ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይደብቃል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደግሞ ስም ከሁለት ቀን በፊት ካልደረሰው አይፈርምም። ትንሽ ከዘገየን ደንበኛው ስልኩን ጆሯችን ላይ ዘግቶ ሌላ ድርጅት ይሄዳል።

ስለዚህ ሐመልማል ዘዴ አበጀች። ስም ትፈጥራለች።

ፈቃዱ ይወጣል። በበረራው ዕለት "ተሳፋሪ ተቀይሯል" ብለን የእውነተኞቹን ስም እንልካለን። ስንት ጊዜ ሠርቶልናል!

ለዚያ ማክሰኞም አቶ ፉፋ የሚባል ነጋዴ ወደ ድሬዳዋ ስድስት ወንበር ያዘ። እሷ ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደች ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት...

"አንዷን ዓይነ ስውር አድርጊያት" አለችኝ እየሳቀች። "እንከን የሌለው ዝርዝር ያስጠረጥራል።"

የአያት ስም ላይ ስንደርስ ሰለቻት።

"ተዪው። ማን ያየዋል?"

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ፈቃድ አውጥታ በረራው ቀርቶባታል። ሦስተኛው ከቀረ ድርጅቱ እንደሚታገድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷታል። አሥራ አንድ ዓመት ደሟን ተፍታ ያቆመችው ድርጅት! እንደዚያ ሰሞን ፈርታ አይቻት አላውቅም።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቶ ፉፋ ደወለ።

"ትቼዋለሁ።"

"ምን ማለትዎ ነው? አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል እኮ!"

"በሌላ እሄዳለሁ። አትነዝንዢኝ።"

ዘጋው።

ሐመልማል ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው። ወዲያው ለታናሽ ወንድሟ ለታዴዎስ ደወለች። ዋና አብራሪዋ እሱ ነው። እኔም እንድሰማው ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አደረገችው።

"ታዴ፣ ፉፋ ጉድ ሠርቶናል። ሰው የለም።"



"ተሳፋሪዎቹ መጥተዋል" አለ በሹክሹክታ።

"የምን ተሳፋሪ?"

"የእርስዎ። ስድስት ናቸው።"

ታዴዎስ እህቱን "እርስዎ" ብሏት አያውቅም። ጠዋት በዚሁ በስም ፈጠራው ነገር ተጣልተው ስለነበር የሚሳለቅባት መሰላት።

"ሹፈቱን ተወውና ስማቸውን አንብብልኝ።"

አነበበ። አንድ... ሁለት... እስከ ስድስት። እኔ በገዛ እጄ የጻፍኳቸው ስሞች ነበሩ።

ዝርዝሩ ቀደም ብሎ ስለተላከለት ያንን አነበበ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ።

"መታወቂያ ይዘዋል?" አለችው።

"ይዘዋል። የአያት ስም ቦታው ግን ባዶ ነው። ብጠይቃቸው 'አልተጻፈልንም' አሉ።"

"ሚዛን ላይ አውጣቸው።"

"ወጥተዋል። ከዝርዝሩ ጋር አንድ ኪሎ እንኳ ልዩነት የለም።"

ከኋላው ምንም አይሰማም። ኤርፖርት ውስጥ ሆኖ የሞተር ድምጽ የለም፣ የሰው ኮቴ የለም።

"ዓይነ ስውሯ..." አለ። "ሐመልማል ደህና ናት ወይ እያለች ነው።"

እጅጌዋን ጎተትኩ።

"ይዝጉት" አልኳት በሹክሹክታ። "በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይዝጉት!"

አላየችኝም። ዓይኗ ከፊቷ ያለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ነበር።

"ላሳፍራቸው?" አለ።

ደብዳቤውን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

"ላሳፍራቸው?"

ግንባሯን በመዳፏ ጠረገች።

"ላሳፍራቸው?"

"ስድስት ሰው ተፈቅዷል፣ ስድስት ሰው መጥቷል" አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። "አሳፍራቸው። ሂድ።"

አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ "ተነስቷል" የሚል መልእክት ከኤርፖርት ደረሰን። ሐመልማል ወንበሯ ላይ ለጠጥ ብላ ተቀመጠች።

"አየሽ? እስቲ አሁን ማን እንደሚያግደኝ አያለሁ!"

ወዲያው ግቢው በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ተያይተን ወረድን።

ታዴዎስ ነው። የአብራሪ ልብሱን እንደለበሰ ከመኪናው ወረደ። ረዳት አብራሪው ኢቲቻም አብሮት ነው።

"ሐሚ፣ ስልክሽ ምን ሆኖ ነው? ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ስደውል አይገባም! መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ወደ ቦሌ ማለፍ አቃተን። ያለን አማራጭ ወደዚህ..."

ፊታችንን ሲያይ አቆመ።

"ምንድነው? በረራው ተሰረዘ እንዴ?"

ሐመልማል ፊቱን ዳሰሰችው፣ ጉንጩን፣ ጆሮውን። ከዚያ እጁን ጭምቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። ያቺ ደረቅ ሴትዮ ስታለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ታዲያ ማነው..." አለች። አልጨረሰችውም።

መጀመሪያ ያየው ኢቲቻ ነው። ጣቱን ወደ እንጦጦ ቀሰረ።

ከኪዳነ ምሕረት በላይ ካለው ጉም ውስጥ ነጯ አውሮፕላናችን ወጣች። ዝቅ ብላ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ልትነካ ምንም አልቀራትም። ድምጽ የላትም። አውሮፕላን በዚያ ዝግታ አየር ላይ መቆየት አይችልም፤ እሷ ግን ወደ እኛ ትመጣለች።

በሯ ክፍት ነው። የመሳፈሪያው ደረጃ ወደ ታች ተዘርግቷል።

ሐመልማል የወንድሟን እጅ ለቀቀች።

"ሐሚ!" አለ ታዴዎስ። "ሐሚ፣ ወዴት ነው?"

አልመለሰችለትም። በቤት ጫማዋ፣ ቀና ብላ እያየች፣ ዳገቱን መውጣት ጀመረች።