ጭንቅላቷን ማን ያዘ?

ያለጊዜዋ የተወለደችው የዐሥራ አምስት ቀን ሕፃን ሆስፒታል፣ ኢንኩቤተር በሚሉት ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ሞታ ተገኘች። የማሞቂያው ሶኬት ተነቅሏል። በተራራማዋ ከተማ በፓስቶ ብርድ ይህ መግደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ኢንስፔክተር ኑቢያ ስትደርስ ሰዉ ገዳይዋን መርጦ ጨርሷል። ሲስተር ያዲራ ናት ተብሏል። እናትየው ሉስ ዳሪ ፊቷ ቆማ «ልጄን በልተሻታል» ትላታለች። የሰው አፍ ሲፈርድ መቼ ማስረጃ ይጠብቃል።

ዶክተር ኤቫሪስቶ መዝገቡን ዘረጋ። «አራት ሰዓት ተኩል ላይ ራሴ በቁመት መለኪያ ሰሌዳው ለካኋት። ሠላሳ ስምንት ሴንቲሜትር ከአራት ሚሊሜትር። ገላዋ ሙቅ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ያዲራ ተመለሰች፣ ልጅቷ ሞተች። ቀሪውን አንቺ ደምሪው።» ለነገሩ ይሄ ሰውዬ ማንን አንቱ ይላል?

«እስከዚያ ያዲራ የት ነበረች?»

«ምን አውቄ። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ብቻዬን ጥላኝ ሄዳለች። እዚህ ድመት እንኳ አልገባም።»

«ማዋለጃ ጠርተውኝ ነው» አለች ያዲራ። «ስመለስ በረዶ ሆና አገኘኋት።»

ዶክተሩ ሳቀ። «የእሷን ልኬት እዪው። ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት ተኩል፣ ከዚያ ሠላሳ ሰባት ተኩል። ልጅ በእጇ ታጥራለች።»

ኑቢያ ሁሉንም መለኪያ ሰሌዳው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ያዲራ፣ እንዴት ነው የምትለኩት?»

«ለሁለት ነው። አንዱ ጭንቅላቷን ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቷን ዘርግቶ እግሯን ይይዛል። እንዲህ ያለች ልጅ ትኮማተራለች፤ ትንሽ ሲስቧት ትረዝማለች፣ ሲለቋት ታጥራለች። ቁጥሩ ይዋዥቃል።»

«የሚዋዥቀው እንግዲህ በእጅ የተለካው ነው» አለች ኑቢያ መዝገቡን እያየች። « የእርስዎ ግን ዶክተር፣ በየአምስት ቀኑ ልክ አራት ሚሊሜትር ይጨምራል። እሺ ይሁን። ዛሬ ጭንቅላቷን ማን ያዘልዎት?»

«ያዲራ...» አለ ዶክተሩ።

«ድመት እንኳ አልገባም ብለዋል።»

ኑቢያ ቀጠለች።

«አልለኳትም። ኢንኩቤተሩንም አልከፈቱም። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሰለቸዎት፣ ሶኬቱን ነቀሉ፣ ረሱት። ከሞተች በኋላ ደግሞ በሕይወት እንደነበረች ለማስመሰል ልኬት ፈጠሩላት።»

«ለአፍታ ብዬ ነበር» አለ ዶክተሩ።

ሉስ ዳሪ ያዲራን ይቅርታ አልጠየቀቻትም፤ ቀና ብላም አላየቻት። ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«የሬሳ ሣጥን ሠሪው ቁመቷን ጠይቆኛል። ና፣ ጭንቅላቷን ያዝ። ዛሬ ትለካታለህ።»

ያዘ። ያዲራ እግሯን ዘረጋች። ያዲራ መጨረሻ ላይ እንደጻፈችው ሠላሳ ሰባት ተኩል ሆነች።