የታችኛው መቀርቀሪያ

ፊንታን ክዊርክን ሞቶ ያገኘችው ፊሎሜና ዴቫን ነበረች። ገንፎው እየቀዘቀዘ ስለነበር ልትጠራው ወደ ጋጣው ወረደች፤ ሽማግሌው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የፈረሶችን እግር በእጁ ሳይዳብስ ቁርስ እንደማይቀምስ ታውቃለች። ፊሎሜና በቀን መቶ ነገር ትሰጋለች። ያን ጠዋት የሰጋችው ግን ብርዱን ብቻ ነበር፤ ሰውዬው ካፖርቱን ረስቶ ወጥቷል።

የጋጣው በር ከወገብ በላይና ከወገብ በታች ለሁለት የተከፈለ ነው። የላዩ ግማሽ ክፍት ነበር። ጠል የምትባለው ባዝራ አንገቷን አውጥታ ድርቆሽ ታኝካለች። ፊሎሜና በባዝራዋ ትከሻ አሻግራ ብታይ የፊንታን ጫማ ታያት። በታችኛው ግማሽ በር አናት ላይ ያለውን የላይኛውን መቀርቀሪያ ሳበችው፤ በሩ ግን አልከፈት አለ። ከበሩ ግርጌ በውጭ በኩል በእግር የሚገፋ ሌላ መቀርቀሪያ አለ። በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ብትገፋው እምቢ ስላላት፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ በእጇ ፈለቀቀችው።

ሽማግሌው ከብረቱ ግርግም ሥር በጀርባው ተንጋሏል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈንክቷል። በቀኝ መዳፉ ላይ ነጭ ጭቃ ደርቆበት ነበር።

«ፊንታን፣ ወንድሜ» አለችው፤ እንደማይመልስላት እያወቀች።

ከአየርላንድ ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ የመጡት ለዊንስኮም የመጋቢት የፈረስ እሽቅድምድም ፌስቲቫል ነው። በማግሥቱ የአማተሮች የመሰናክል ግልቢያ ነበር፤ የገበሬና የባለሱቅ ልጆች ያለ ደመወዝ፣ ለክብር ብቻ የሚጋልቡበት። ጠልን የሚያሠለጥናት ማላኪ ሮሽ ሲሆን፣ የምታበላትና የምታጥባት እህቱ ሮዛሊን ናት። የፈረሷ ባለቤት ሚስተር ሃልስቴድ የሚባል የከተማ ሰው ነው። የሚጋልባት ደግሞ ካሃል፣ እናቱ ከሞተች ጀምሮ ፊሎሜና ያሳደገችው የልጅ ልጇ ነው። ፊንታን የማላኪ የልጅነት ጓደኛ ነበር፤ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ አይቶ፣ ዳብሶ፣ ማን እንደሚያሸንፍና ማን እንደሚወድቅ የሚመዝንላቸው እሱ ነው። ሁሉም ያረፉት ከውድድሩ ሜዳ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በተከራዩት የገበሬ ቤት ነበር።

ማላኪ «እርግጫ ነው፤ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል» እያለ ሳለ ኢንስፔክተር ኢድሪስ ሜሪክ ደረሰ። ዌልስ ውስጥ በግ ሲያረቡ ከኖሩ ሰዎች የተወለደ፣ ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ ሰው ነው። ቁስሉን አየ። የግርግሙን ጠርዝ በጣቱ ነካ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የባዝራዋን እግሮች አንድ በአንድ ተመለከተ። የግራ ፊት እግሯ ጠጉር እርጥብ ነበር፤ ሦስቱ ደረቅ። ፊሎሜና ወዳለችበት ወጥ ቤት ገባ።

«እማማ፣ ጉልበትዎን ምን ነካው?»

«ያ የተረገመ የታች መቀርቀሪያ ነዋ። በዚህ ዕድሜዬ ተንበርክኬ ነው የከፈትኩት።»

«ተዘግቶ ነበር?»

«ጥርቅም ብሎ።»

ሜሪክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ትናንት ራት ላይ ምን ተባለ?»

«ስለ ፈረስ። እነዚህ ሰዎች ሌላ ወሬ መቼ ያውቃሉ።»

«ፊንታን ማንን መረጠ?»

«‹አመዶ የተባለው ፈረስ ፈጣን ነው፤ ዳገቱ ላይ ግን ልቡ ይከዳዋል› አለ። ‹የጳጳሱ ባርኔጣ› የሚሉትን ደግሞ ‹አይወድቅም፣ አያሸንፍም፤ ቅዳሴ እንደረፈደበት ቄስ ነው የሚሮጠው› ብሎ አሳቀን።»

«ጠልንስ?»

ፊሎሜና እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ስለ እሷ ዝም አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተኛን።»

«እማማ፣ እርስዎ ባይነግሩኝ ሌላ ሰው ይነግረኛል፤ ያውም ጨምሮበት።»

«ካሃልን ‹ነገ ጠዋት አንድ ነገር ሳላይ ይቺን ባዝራ እጋልባለሁ እንዳትል› አለው። ልጁም ተቆጣ። ‹በመንገዴ ከቆምክ ረግጬህ ነው የማልፈው› አለው። ኢንስፔክተር፣ ልጅ እኮ ነው። ለመላእክትም እንዲሁ ነው የሚመልስላቸው።»

ሜሪክ አመስግኗት ወጣ። እሷም ካሮት መላጥ ያዘች፤ ለማን እንደምትልጥ ግን አታውቅም። ከመስኮቱ ጋጣው ይታያታል። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም በየተራ ወደ ባዝራዋ ወስዶ አንድ ዓይነት ነገር ይጠይቃል፤ «ነገ ማን ያሸንፋል?» መስኮቱ ገርበብ ያለ ስለነበር ትሰማለች።

ሚስተር ሃልስቴድ ከፈረሷ ራቅ ብሎ ቆመ። «የእኔዋ ታሸንፋለች፤ ማላኪ ነግሮኛል። እኔ የማውቀው ጨርቃጨርቅ ነው፣ ስለ እግር አይጠይቁኝ» አለ። ሲወጡ የላዩን መቀርቀሪያ በሁለት ጣቱ ገፍቶ፣ ጫማውን ሣር ላይ እየጠረገ ሄደ።

ሮዛሊን በአንድ እግሯ ቦት ጫማ፣ በአንዱ ነጠላ ጫማ እያነከሰች መጣች። 

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት ከመኪና ሳወርዳት ቆመችብኝ። እኔ አንዴ ብቆምባት ብድሬን በመለስኩ፤ ደግሞ ትንሽ ናት፣ አትከብድም ይሉኛል።»

«የባዝራዋን እግር በፋሻ የምትጠቀልዪላት አንቺ ነሽ?»

«ነበርኩ። ከእሑድ ወዲህ ማላኪ ነው። አትንኪ አለኝ። ዋንጫው ሲቃረብ እንዲህ ያደርገዋል።» ስትወጣ የላዩን ብቻ ዘጋች። የታቹን አይታ «ይኼንን እግሬ ሲድን» አለች።

ማላኪ ሲናገር እጁን ኪሱ ከተተ። «ጠል ናት የምታሸንፈው። እግሯ ብረት ነው።»

«እርስዎ ነዎት የሚጠቀልሉላት አሉ።»

«እህቴ እግሯ ሲጎዳ ምን ላድርግ፤ አዘንኩላት።»

«ዛሬ ጠዋት ወርደው ነበር?»

«አልወረድኩም። እማማ ፊሎ ስትጮህ ነው የነቃሁት።» የላዩን በእጁ፣ የታቹን በቦት ጫማው ጫፍ ቀጭ አድርጎ ዘጋ።

በመጨረሻ ካሃል መጣ። ሁለት ሹራብ ደራርቦ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ጋላቢ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ እንዲቀልል ሲል ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ መንገድ ላይ ሲሮጥ ነበር።

«ማን አየህ?» አለው ሜሪክ።

«በጎች።»

«ነገ እንዴት ትጋልባታለህ?»

የልጁ ፊት፣ ያን ሁሉ ሐዘን ተሸክሞም፣ በራ። «ቁልቁለቱ ላይ ያለውን መሰናክል ሁሉም ይፈሩታል። እኔ እዚያ ላይ ልጓሙን እለቅላታለሁ። ያላትን ሁሉ እዚያ ነው የምጠይቃት።» እያወራ በሩን ዘጋ፤ እግሩም ሳያየው ሄዶ የታችኛውን መቀርቀሪያ ገፋ።

ያን ጊዜ ፊሎሜና ኢንስፔክተሩ የት እያየ እንደሆነ አየች። ፊታቸውን አልነበረም የሚያየው። እግራቸውን ነበር።

ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ጋጣ ውስጥ ያለ ሰው በግማሹ በር ላይ እጁን አሳልፎ የላዩን መዝጋት ይችላል። የታቹን ግን አይደርስበትም። ማንም ይሁን ማን፣ ፊንታንን ከውስጥ ትቶ ከውጭ የዘጋ ሰው አለ፤ ያም ሰው እግሩ በልማድ የሚዘጋ ነው። ይህን ለፖሊስ ማን ነገረው? እሷ። በገዛ አፏ፣ ስለ ጉልበቷ ስታማርር።

ሽርጧን እንደታጠቀች ግቢው ውስጥ ደረሰችበት። «ኢንስፔክተር፣ ያ መቀርቀሪያ፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ዕድሜ ነው። መነጽሬንም አላደረግኩም ነበር።»

ሜሪክ ወደ ቀሚሷ አየ። «ጉልበትዎ ላይ ያለው ጭቃ አልተሳሳተም፣ እማማ።»

«ልጁን እኔ ነኝ ያሳደግኩት።»

«አውቃለሁ። ይግቡ፣ ብርድ ነው።»

ከቀትር በኋላ ሁሉንም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ፊሎሜና ካሃል አጠገብ ተቀምጣ የሹራቡን እጅጌ ያዘች፤ ልጁ ቀስ ብሎ ሊያስለቅቃት ቢሞክር አልለቅ አለችው።

«ባዝራዋ አልረገጠችውም» አለ ሜሪክ። «ቁስሉ ቀጥ ያለ ነው፤ ከግርግሙ ጠርዝ ጋር ይገጥማል። ሰው ገፍቶታል። ገፊው አደጋ እንዲመስል በሩን ዘግቶ ሄደ። የላዩን መዝጋቱ ብልሃት ነበር፤ ፊንታን ራሱ ከውስጥ የዘጋው ይመስላልና። የታቹን የዘጋው ግን እሱ አይደለም፤ እግሩ ነው። ዕድሜውን ከፈረስ ጋር የኖረ ሰው በሩን ሲዘጋ እግሩን አያዝዘውም።»

«እኔ መቼም የለሁበትም» አለ ሃልስቴድ።

«የሉበትም፤ መቀርቀሪያው እዚያ መኖሩንም አያውቁም። ሮዛሊንም በዚያ እግሯ አትገፋውም። የቀሩት ሁለት ናቸው።»

ማላኪ ወደ ካሃል ዞረ። «ልጁ ዝቶበት ነበር። ሁላችንም ሰምተናል።»

«ዝቷል። ስለዚህ ፊንታን ሊያየው የፈለገው ነገር ምን እንደነበረ እንጠይቅ። መዳፉ ላይ ነጭ ጭቃ አለ፤ ያበጠ ጅማት ለማብረድ የሚቀባው ዓይነት። ስለዚህ የዳበሰው እግር ጭቃ ተቀብቶ ነበር። እኔ ስደርስ ግን እግሩ ታጥቧል፤ ጠጉሩ ገና አልደረቀም። የእንስሳት ሐኪማችን አሁን አይቶታል። ጅማቷ ተቆጥቶ አብጧል። ቁልቁለቱ ላይ ትሰበር ነበር።»

ካሃል ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ግራው?»

«ግራው። እንግዲህ አስቡት። ጭቃውን ያጠበው የገደለው ሰው ነው፤ እግሩ እንዳይታወቅ። ይህ ልጅ ያንን እግር ቢያውቅ ኖሮ ያጥበዋል? እዚያ ላይ የሚቀመጠው እኮ እሱ ነው። ደግሞም ዛሬ ጠዋት፣ ቁልቁለቱ ላይ ያላትን ሁሉ ሊጠይቃት ሲያቅድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዓይኑ ውስጥ የነበረው ደስታ እንጂ ውሸት አልነበረም። ፊንታን የቆመው በልጁ መንገድ ላይ ሳይሆን በልጁና በሞቱ መካከል ነው።»

ሜሪክ ወደ ማላኪ ዞረ።

«እርስዎ ‹እህቴ ስለተጎዳች ነው የምጠቀልለው› አሉኝ» ሲል ሜሪክ ቀጠለ። «እህትዎ የተጎዳችው ትናንት ነው። እግሩን እንዳትነካ የከለከሏት ግን እሑድ።»

ሮዛሊን ወንድሟን አየችው። «ማላኪ፣ ከእሑድ ጀምሮ ታውቅ ነበር? ልጁን በዚያ እግር ላይ ልታስቀምጠው?»

«ትችላለች ብዬ ነበር» አለ ማላኪ፤ ድምፁ እንደታመመ ሰው ሆነ። «አንድ ቀን ብቻ ትያዝልኝ ብዬ። በሃያ ዓመት አንዴ የምታጋጥም ባዝራ ናት። ፊንታን ‹አሁኑኑ ወጥቼ እናገራለሁ› ሲል ደረቱን ገፋሁት፤ ገፋሁት ብቻ። ተነሥ አልኩት። ለረጅም ጊዜ ተነሥ አልኩት።»

ማንም አላጽናናውም። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ፊሎሜና የልጁን እጅጌ የለቀቀችው ያን ጊዜ ነው። እስር ቤቱ ሲርቅ፣ ባዝራዋም ስትቀር፣ ሁለት ሞት በአንድ ቀን ከልጇ ራስ ላይ ሲነሣ ተሰማት። ሻይ አፈላች። ዳቦ ቆረሰችለት፤ ከእንግዲህ ሚዛን የለበትምና ቅቤውን አበዛችው።

ዳቦውን ሳያነሣው ስልኩ ጮኸ። ከአጎራባች ጋጣ አንድ አሠልጣኝ ነበር፤ ጋላቢው የትከሻ አጥንቱን ሰብሮ ሰው ጎድሎበታል። ካሃል «እሺ» ሲል ሰማች፤ አንዴ ብቻ፣ ቶሎ ብሎ።

«ፈረሱን አይተኸው አታውቅም» አለችው።

«ነገ አየዋለሁ፣ አያቴ።»

«ፊንታን የሞተው አንተ እንዳትወድቅ ነው።»

«ፊንታን በጉብዝናው ሲጋልብ ስንት ጊዜ ተሰብሮ ነው እንደገና የተቀመጠው። ቢኖር ‹ሂድ› ይለኝ ነበር። አይለኝም በዪ እስቲ።»

አይልም ማለት አልቻለችም፤ እውነቱን ነውና። ወደ ሜሪክ ዞረች፤ ኮፍያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «አንተ እንኳ ከልክለው። ለዚህ የሚሆን ሕግ የላችሁም?»

«የለንም፣ እማማ» አለ ሜሪክ። ኮፍያውን አዙሮ አዙሮ ወጣ።

በማግሥቱ ሮዛሊን ክንዷን ይዛ ወደ ሜዳው አወረደቻት። ፊሎሜና ልጁ ሲጋልብ አይታ አታውቅም። ከአጥሩ አጠገብ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ትቆማለች፤ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ ውድድሩን ከሰዎቹ ፊት ታነበዋለች። ፈረሶቹ ሲያልፉ መሬቱ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሺህ ፊት አብሮ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ። አፎች ተከፈቱ፣ ባርኔጣዎች ተነሡ። የድምፅ ማጉያውን ንፋሱ ወስዶት ከስሞቹ ቁርጥራጭ ብቻ ነው የሚደርሳት።

ፈረሶቹ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ የሰዎቹ ፊቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። ፊት ለፊቷ የቆመች አንዲት ወጣት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማነው የወደቀው?» አለቻት ፊሎሜና።

«ቢጫ የለበሰው» አለች ሴትዮዋ፤ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል። «እስካሁን አልተነሣም።»

ፊሎሜና ሮዛሊንን ፈለገች፤ ሮዛሊን እያነከሰች አጥሩን ተከትላ ወደ ቁልቁለቱ እየሮጠች ነበር። ልጁ ጠዋት ከቤት የወጣው ካፖርት ደርቦ ነው። ከሥሩ ምን ቀለም እንዳለበሱት አልጠየቀችም። ዞራ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ አንገቷ ግን አልታዘዝ አላት።