በአፍጢሟ የተደፋችው ታንኳ

የአስጎብኚው የእንድሪያስ ሬሳ በደሴቲቱ የድሮ ከተማ ፍርስራሽ ሥር፣ ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቶ ተገኘ። ወደ ፍርስራሹ የሚወስደው ብቸኛ መንገድ ጎብኚዎቹ ምሳ በሚበሉበት ፊት ያልፋል፤ ከእንድሪያስ በቀር ያለፈ ሰው አላዩም። የሞተር ድምፅም አልሰሙም። ስለዚህ ገዳዩ የሄደው በታንኳ ነው። ሚሊሻዎቹ ሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ ጋሽ ዲሪባን የፊጥኝ ያሰሯቸው ቅርብ የነበረችው ታንኳ የእሳቸው ስለሆነች ነው።

ኢንስፔክተር ኖላዊት ደሴቲቱን ከረገጠች ጀምሮ ስልኳ አላሳረፋትም።

«ታንኳው የሱ አይደል? ይዘሽው ነይ በቃ!» አለ አለቃዋ ከሴቻ ፖሊስ ጣቢያ።

«ባለ ታንኳ ሁሉ ገዳይ ከሆነ እስር ቤቱን ሐይቁ ላይ እንሥራዋ!»

ኔትወርኩ ተቆረጠ። ጥርሷን ነከሰች።

የጉዞው አዘጋጅ ቤተል ከጎብኚዎቹ ተለይታ እንዳልሄደች ሁሉም መሰከሩላት።

«እንድሪያስን ማን ተጣላው?» አለቻት ኖላዊት።

«ያመጣን ባለ ጀልባ ሰይፈሥላሴ። እንድሪያስ ‹ጀልባህ ያፈሳል፣ ስንመለስ ፈቃድህን አስነጥቅሃለሁ› ሲለው ሰምቻለሁ።»

ሰይፈሥላሴ ትከሻውን ነቀነቀ። «እኔ ከዛፎቹ ጀርባ ሞተር ስጠግን ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ጉማሬ።»

ኖላዊት አልሳቀችም። ዳርቻውን ዞራ አየች። ከቀላል ግንዶች የተጠፈሩት ጠፍጣፋ ታንኳዎች ሁሉ ዛፍ ተደግፈው ቆመዋል። የጋሽ ዲሪባ ብቻ ጭቃው ላይ በአፍጢሟ ተደፍታለች፤ ታችዋ ገና ርጥብ ነው።

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ሰይፈ፣ ትንሽ ጀልባ ዳር ስታወጣ ምን ታደርጋታለህ?»

«እደፋታለኋ! ዝናብ እንዳይሞላት።»

ጋሽ ዲሪባ እንደታሰሩ ሳቁ። «የኔዋ ሆድ አላት እንዴ? ዝናቡ የት ይሞላል? ይሄ እንጨት ውኃ ይጠጣል፤ ካላቆምከው አይደርቅም፣ ይሰጥማል። እዚህ ልጅ እንኳ አይደፋም!»

«ሰማችሁ?» አለች ኖላዊት። «ታንኳዋ ዛሬ ተነድታለች። ጋሽ ዲሪባ ቢሆኑ ያቆሟት ነበር፤ የደሴቲቱ ሰው ሁሉ ያቆማታል። የደፋት እንግዳ ነው። ቤተልና ጎብኚዎቹ ደግሞ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ነው የዋሉት። የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ደንግጦ እጁ የለመደውን የሠራ።»

ሰይፈሥላሴ መሬት መሬት አየ። «ከጀልባዬ ሌላ ምን አለኝ?» አለ ቀስ ብሎ።

ገመዱ ከሽማግሌው ወደ እሱ ዞረ። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ያዝሽው?»

«ያዝኩት። እርስዎ ያሉትን ግን አይደለም።»

ጋሽ ዲሪባ የእጃቸውን ሰንበር እያሹ ታንኳቸው ጋ ቆመዋል። «ጠጥታ ጠግባለች። እስክትደርቅ በምን ላጥምድ፣ ልጄ? ያሰሩኝስ ይቅርታ እንኳ አላሉም።»

 ኖላዊት ዳግም የሚጮኸውን ስልክ ኪሷ ከተተችና ዛፍ ላይ ሊያቆሟት የታንኳዋን አንድ ጫፍ አነሳች።