በሚኒሞ የተነሳው ሞተር

መካኒኩ የሞተው በገዛ ጋራዡ ውስጥ፣ ሠርቶ በጨረሰው መኪና አጠገብ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ትልቁም በር ትንሹ የጓሮ በርም ተዘግተው ነበር። የገደለው ጭሱ መሆኑን ሐኪሙ አረጋገጠ፤ ማጅራቱ ላይ ያለው እብጠት ሲወድቅ ያገኘው ነው ተብሎ ታለፈ።

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ! ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ!» እያለች ሚስቱ ታለቅሳለች። የሟች ታናሽ ወንድም አጠገቧ ቁጭ ብሎ «አይዞሽ እትዬ፣ ሳታውቂ ነው» ይላታል፤ እንባዋንም በመሀረቡ ይጠርግላታል። ሟች ከልጅነቱ አሳድጎ ሙያ ያስተማረው እሱን ነው። ያየው ሁሉ አዘነላቸው።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ መርማሪ ግን ቶሎ አታዝንም። ስታዳምጥ ያንቀላፋች ትመስላለች፤ በዚህ የተሸወደ ሰው ብዙ ነው።

«መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ አሉ» አለችው ወንድምየውን።

«አዎ። ስደርስ ወንድም ጋሼ ሞተሩን ገጣጥሞ ክዳኑን አጥብቆ ነበር። ዓይኔ እያየ አስነሳው። ‹በሚኒሞ ቀስ ብሎ ይሙቅ› ብሎ ነዳጅ ሳይሰጠው ተወውና እኔን ዕቃ ግዛ ብሎ ላከኝ። ምነው ባልሄድኩ!»

ቀጥላ ባለ መኪናውን ጠራችው።

«ምን ነበር ያሠራኸው?»

«ካምሻፍት፤ የሞተሩን ቫልቮች የሚያስከፍተውን ዘንግ። ትልቁን ካላስገባህልኝ፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ፑንቴሪያዎችም ባለ ሮለር ይሁኑ ብዬ ነዘነዝኩት። እሺ ብሎኝ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን ደወለልኝ። ‹አንተ የምትነዳው ሥራ ለመሄድ ነው፤ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር የሚያስነጥሰው መኪና ምን ያደርግልሃል? መካከለኛውን ካምሻፍት ከጠፍጣፋ ፑንቴሪያ ጋር መርጬልሃለሁ› አለኝ።»

«ሌላስ?»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ወንድሜ ደንበኞቼን በስውር ወደ ማዶው ጋራዥ እየወሰደ ነው። ተኳርፈናል፤ ዛሬ ግን ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ› አለኝ። ድምፁ የተከፋ ሰው ድምፅ ነበር።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሞተሩ ተፈቷል፤ ካምሻፍቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«ባልሽ አዲስ ካምሻፍት ከጠፍጣፋ ፑንቴሪያ ጋር ሲገጥም እንዴት ነበር የሚያስነሳው?»

ሚስትየዋ ግራ ገባት። «ሰፈሩን ነበር የሚያደነቁረው። ገና ከመነሳቱ ያስጮኸዋል፤ ዝቅ ካለ ዘይት በደንብ አይረጭበትም፣ አዲሱ ይበላል ይላል። የዚህንም ጠፍጣፋዎቹን ከሱቅ ያመጣሁለት እኔ ነኝ። በሚኒሞማ…» አፏን በእጇ ያዘች።

«በሚኒሞማ አይተወውም» አለች መርማሪዋ። «ግን እዩት፤ ካምሻፍቱ ተበልቷል። ሞተሩ የሠራው በሚኒሞ ነው። እንግዲህ ያስነሳው ሟች አይደለም፤ ውስጡ ሮለር ያለ የመሰለው ሰው ነው። ሮለር ይንከባለላል እንጂ እንደ ጠፍጣፋው አይፋተግም፤ ሚኒሞ አይጎዳውም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ለውጡን ባለ መኪናው ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ተኳርፋችሁ ስለነበር አንተ አልሰማህም፤ የምታውቀው የፊተኛውን የሮለር ትእዛዝ ነው። ክዳኑም ጠብቆ ነው የደረስከው፤ ውስጡን አላየህም፤ ራስህ ነህ የነገርከኝ። ስለ ደንበኞቹ ሲጠይቅህ ማጅራቱን መታኸው። ጎረቤት እንዳይሰማ ሞተሩን በዝግታ አስነሳህና በጓሮ በር ወጣህ። ትልቁ በር መዘጋቱ ደግሞ ጥፋቱን የምትሸከምልህ ሰው ሰጠህ።»

«እትዬ፣ እኔ…» አለ ወንድምየው ከተቀመጠበት ሳይነሳ።

ሚስትየዋ አላለቀሰችም። ባሏን ካጣችበት ሰዓት ይልቅ አሁን ልቧ ቆሰለ።

«ገደልኩት እያልኩ ስጮህ አጠገቤ ነበርክ» አለችው። «‹ሳታውቂ ነው› ትለኝ ነበር።»

መሀረቡ እስካሁን እጇ ውስጥ ነበር። ጭኑ ላይ ጣለችለትና ሄዳ ትልቁን በር ከፈተችው።