የጋፋት ቁራኛ

«ኑጉ ይሸጣል?»

«ተሽጧል።»

«ለማን?»

«ለጃርት።»

ነጋዴው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን አቁማዳ ወደ በቅሎው ጎተተ።

የእብናት ገበያ ደርቷል። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ከላይ ኑግ ነው። ከሥሩ ከጋፋት መድፍ መሥሪያ የተሰረቀ የንጉሡ ባሩድ። ጥቁር በጥቁር ላይ።

የአስረካቢው የምስጢር ስም ቆቅ ነው። ጋፋት ላይ ሙላቴ ይሉታል፤ የባሩድ ቤቱ ዘብ ሆኖ ከተቀጠረ ከርሟል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እህቱ አመተማርያምና ላስታ ተራራ ላይ የሸፈቱት ጌታው ናቸው። ተቀባዩ ጃርት የጌታው ዓይንና ጆሮ ነው። ለአገሬው ግን አቶ አድማሱ ነው፤ ጋፋት አጠገብ ርስት ያለው፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር እህል ነጋዴ።

«ሥራዬን ጨርሻለሁ» አለ ቆቅ። «ባሩዱ ሲወጣ አንተም ትወጣለህ ብለውኝ ነበር።»

«ትወጣለህ።»

«መቼ?»

«ነገ አውጫጭኝ አለ። ዛሬ ከጠፋህ ሌባው አንተ ነህ። ቁጭ በል፣ ማል፣ ከዚያ መንገድህ።»

«ዘውገስ? ባሩዱ የወጣ ሌሊት ተረኛው እሱም ነበር። ነግሬዎታለሁ፣ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነው ያደረው።»

«ማን ይነካዋል? ምን አደረገና?»

ቆቅ አመነው። ሰላይ ሆኖ ሰው ማመን ምን ይሉታል?

ዘውገ ከመድፍ መሥሪያው በር ላይ እየጠበቀው ነበር። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ጢም፣ ለጨዋታ የማይሰንፍ አፍ። ከእንጀራው ቆርሶ ሳያጎርሰው የዋለበት ቀን የለም።

«ቪጂላንስ መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ቃሉን ያስተማራቸው ከጋፋት ፈረንጆች አንዱ፣ እንግሊዙ አንጥረኛ ነው። አንድ ቀን ብረት እየቀጠቀጠ «በእኛ ቋንቋ የእናንተ ሥራ ‹ቪጂላንስ› ይባላል» አላቸው። «ከሮማውያን የመጣ ነው። እነሱ የነቃውን፣ ያልተኛውን ሰው ‹ቪጂል› ይሉት ነበር። ሥሩ ብርታት ነው፣ ሕያው መሆን። በበዓል ዋዜማ ሳይተኙ የሚያድሩበትን ጸሎትም ከዚያው ቃል እንጠራዋለን።»

«ማኅሌት በለኛ!» ብሎ ሳቀ ዘውገ። «የእኛዎቹ ትጉሃን መላእክት ናቸው። አይበሉም፣ አይተኙም። እኔ ደግሞ ምሳ ከበላሁ መንቃት አልችልም።»

ቢያላግጥም ቃሉን ወዶታል። ከዚያን ቀን ወዲህ ጦሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል።

በማግሥቱ የአገሩ ወንድ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። አውጫጭኝ እንዲህ ነው። ሌባው ሳይገኝ ማንም አይነሣም፤ ከብት ቢጠፋ፣ እህል በዝንጀሮ ቢበላ፣ አይነሣም። እያንዳንዱ በተራው ጭቃ ሹሙ ፊት ይቀርብና የሰማውን ይናገራል። ከማን እንደሰማ አይጠየቅም። ወፍ ነገረችኝ ይላል፣ በቃ። ሁለት ወፍ ስሙን ያነሣችው ሰው መስቀል ይዞ ይምላል። ከማለ ነፃ ነው።

ጭቃ ሹሙ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አልደከመም።

«ወፍህ ምን አለችህ?»

«ምንም።»

«ያንተስ?»

«ዝም ብላለች።»

ፀሐዩ ከረረ። አንድ ገበሬ ተነሣ። የአድማሱ ጭሰኛ ነው።

«ወፍ ነገረችኝ። ዘውገ አለች።»

ቆቅ አድማሱን በዓይኑ ፈለገ።

ሁለተኛው ተነሣ። እሱም የአድማሱ ጭሰኛ።

«ወፍ ነገረችኝ። ዘውገ።»

አድማሱ ጋቢውን እያስተካከለ መጥቶ ከቆቅ አጠገብ ተቀመጠ። ከንፈሩ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም።

«ሕዝቡ ያለ ሌባ አይበተንም። ሌባ ሰጠኋቸው።»

«ቃልዎስ?»

«አንተ ገና ታስፈልጋለህ። ትልቁ መድፍ አልተሠራም።»

«ተነሥቼ እናገራለሁ።»

«አመተማርያም ከእኔ ቤት ናት። ትናንት አስመጣኋት። ደህና ናት።»

ደህና ናት።

አድማሱ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ቆቅ ያውቃል። ቢናገር እህቱ ትሞታለች። ዝም ቢል ዘውገ። አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ዘውገ ንጹሕ ነው፣ ይምላል፣ ነፃ ይወጣል።

ቄሱ መስቀሉን ዘረጉ። ጭቃ ሹሙ የዘብ መሐላውን ቃል አወጡ።

«ሌሊቱን ነቅቼ ጠብቄአለሁ፣ ባሩዱን አልወሰድሁም፣ ብዋሽ ይፍረድብኝ በል።»

ዘውገ መስቀሉን ያዘ።

አገላብጦ አየው።

«በል እንጂ!»

«ባሩዱን አልወሰድሁም» አለ ዘውገ። «የፊተኛውን ግን ልል አልችልም። ተኝቼ ነበር።»

ሜዳው ተንጫጫ።

በል፣ ማል፣ ምን አለበት! አለ ቆቅ በልቡ። ነገር ግን ያን ሰው መስቀል አስይዞ ማን በሐሰት ያስምለዋል? ቆቅ ያውቀዋል። ያወቀውንም ሁሉ ለአድማሱ ነግሮታል፣ በገዛ አፉ። ወጥመዱ የተጠመደው በዚያ ወሬ ነው።

«ዘብ ሆነህ ተኛህ?» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ታዲያ ማን ነቅቶ ነበር?»

ዘውገ ቆቅን አየው። «ተኛ ወንድሜ፣ እኔ እጠብቅልሃለሁ» ያለው ቆቅ ነው። ትኩስ ውኃ ያጠጣው፣ ጋቢውን ያለበሰው እሱ ነው። ዘውገ አየው፣ ጠበቀው።

ቆቅ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እኔ እንጃ» አለ ዘውገ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ንጉሡ ሹም። እዚያ የዘብ ጥፋት ምን እንደሚያስከፍል ሕፃን ያውቀዋል።

«ሙላቴ» አሉ ጭቃ ሹሙ፣ «ባልደረባው ነህ። ተቆራኝተህ አድርሰው።»

የሁለቱ ኩታ ጫፍና ጫፍ ተቋጠረ። አድማሱ ራሱ መጥቶ ቋጠሮውን አጠበቀው።

ከጋፋት ደብረ ታቦር ሩቅ አይደለም። ለቆቅ ግን መንገዱ አላልቅ አለው። ቋጠሮው በአንድ ጥርስ ይፈታል። ከዚያስ? አመተማርያምስ? እግሩ ሄደ፣ ሌላ የሚችለው ነገር አልነበረም።

«አንተ» አለ ዘውገ ድንገት።

«አቤት።»

«ያን ሌሊት ነቅተህ ነበር?»

ቆቅ አንገቱን ደፋ።

«ገባኝ። አንተንም እንቅልፍ ጥሎሃል። ስምህን አለማንሣቴ ደግ ሆነ። ሁለታችንም ከምንሞት።»

ቆቅ አለቀሰ። ዘውገ በነፃ እጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። የሚሞተው የማይሞተውን አጽናናው።

የንጉሡ ሹም ግቢ በር ላይ ወታደሩ አስቆማቸው።

«እስረኛው አንተ ነህ» አለው ዘውገን። «ይህስ ማነው?»

ቆቅ አፉን ከፈተ። ስም አልመጣለትም።

«ወንድሜ ነው» አለ ዘውገ።

ቋጠሮው ተፈታ። ዘውገን ወደ ውስጥ ገፉት።

ጨው የምትቸረችር ሴት ዕቃዋን እያነሣች አጠገቡ አለፈች። «ወደ ላስታ አልፏል» አለች ሳታየው፤ እሷም የጃርት ሰው ናት። ባሩዱ ከንጉሡ እጅ ወጣ። ሥራው ተፈጸመ።

ከሰል አራግፈው ወደ ጋፋት የሚመለሱ ሰዎች በበሩ ሲያልፉ ቆቅ ኩታውን ተከናንቦ መሃላቸው ገባ። ኩታቸው ሁሉ ጠቁሯል፣ ሁሉም አጎንብሰው ይሄዳሉ።

ከግቢው ውስጥ የዘውገ ድምፅ ተጣራ።

«ሙላቴ! ሙላቴ ሆይ!»

ከሰዎቹ መሃል ዞር ያለ አልነበረም።